ስንቁ ይግባ፣ ጠርሙሱ ይቅር

በዚህ ሳምንት ስለ ኳስ እንነጋገራለን። ነገራችን ስለ ግብና ስለ ዋንጫ ብቻ አይደለም። ኳስ ለማየት የሚሄድ ሰው ስለሚይዘው ስንቅም ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በሩ ላይ የተጻፈው

ቀኑ እሑድ ነው። ቦታው ቃሊቲ ነው። በአንድ የሰፈር ሜዳ ሁለት ቡድኖች ሊጋጠሙ ነው። ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ይመጣል። የፋብሪካ ሠራተኛው ከፈረቃ ወጥቶ ይመጣል። ሾፌሩ የጭነት መኪናውን አቁሞ ይመጣል። ገበሬው ከከተማው ዳር በእግሩ ይመጣል። እኛም ከሕዝቡ ጋር ተሰልፈን ነበር።

ከፊታችን አንድ አዛውንት ቆመዋል። በአንድ እጃቸው የልጅ ልጃቸውን ይዘዋል። በሌላው እጃቸው የጨርቅ ቋጠሮ አንጠልጥለዋል። በቋጠሮው ውስጥ ዳቦ፣ ቆሎና ውሃ አለ። ከቤታቸው የወጡት በጧት ነው። መንገዱ ረጅም ነው።

በሩ ላይ ሲደርሱ ጥበቃው አስቆማቸው።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህን ይዘው መግባት አይችሉም።»

«ለምን ልጄ? ዳቦ እኮ ነው።»

«መመሪያ ነው አባባ። ይኸውልዎ፣ እዚህ ላይ ተጽፏል።»

አዛውንቱ ቀና ብለው አዩ። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። እሳቸው ፊደል የቆጠሩት በቅርቡ፣ በማታ ትምህርት ነው። ጣታቸውን ከቃል ወደ ቃል እያስኬዱ ቀስ ብለው አነበቡ። «ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። አንብበው ሲጨርሱ ወደ ጥበቃው ዞሩ።

«አነበብኩት ልጄ። ግን ምክንያቱን አልጻፋችሁትም» አሉት።

ጥበቃው ዝም አለ። ምን ይበል? እሱም የታዘዘውን ነው የሚሠራው።

አዛውንቱ የልጁን እጅ ይዘው ከሰልፉ ወጡ። ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳቦውን ለልጁ ቆረሱለት። በልተው እስኪነሡ ድረስ ሜዳው ሞልቶ በሩ ተዘጋ። ጨዋታውን ከአጥር ውጭ ሆነው በጆሯቸው ተከታተሉት። ጩኸቱን ሰሙ፤ ኳሱን ግን አላዩም። ልጁ «አያቴ፣ ማን አገባ?» እያለ ይጠይቅ ነበር።

ስንቅና ጨዋታ

እኛ ኢትዮጵያውያን ያለ ስንቅ መንገድ አንወድም። ገበያ ስንሄድ እንቋጥራለን። ዘመድ ለመጠየቅ ስንሄድ እንቋጥራለን። ለጥምቀት ጃንሜዳ ስንወጣም ዳቦና ቆሎ ይዘን እንወጣለን። ገና ሲጫወቱ፣ ጉግስ ሲጋልቡ፣ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ከጎኑ ያለውን «እንካ፣ ቅመስ» ይላል። የማያውቀውን ሰው በዚያው ያውቀዋል።

ኳስም ሲመጣ ይኸው ልማድ አብሮ ገባ። የአዲስ አበባን ስታዲየም ያየ ሰው ያስታውሳል። ጥላ ፎቅ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ እየተባሉ የሚጠሩ መቀመጫዎች ነበሩት። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በዙሪያው ባሉት ቤቶች ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይከራከራል። «ዛሬ እናሸንፋችኋለን!» «ኧረ ተው! ባለፈውም ብላችሁ ነበር!» ይባባላል። ለብዙ ደጋፊ ጨዋታው የሚጀምረው ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ አልነበረም። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከወዳጆቹ ጋር ሲገናኝ ነበር።

ስታዲየሙ ሲርቅ

በዚህ ስታዲየም ትልቅ ታሪክ ተሠርቷል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ዋንጫ ከግብፅ ጋር ተጋጠመች። ግብፅ በዚያን ጊዜ የተባበረች ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። በ90 ደቂቃ 2 ለ 2 ሆኑ። በጭማሪው ሰዓት ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ዋንጫውም እዚሁ ቀረ።

ለቃሊቲ ሰው ስታዲየሙ ሩቅ አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር ደግሞ አንዱ መስመር ቃሊቲን ከስታዲየም ጋር አገናኘ። ነገር ግን ስታዲየሙ አርጅቶ ነበርና ለእድሳት ተዘጋ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ካፍ፣ የሀገራችን ስታዲየሞች መመዘኛውን አያሟሉም አለ። ስለዚህ ብሔራዊ ቡድናችን በሀገሩ ሊያደርገው የሚገባውን ጨዋታ በሰው ሀገር አደረገ።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ እንደገና ከግብፅ ጋር ተገናኙ። ጨዋታው የሀገር ቤት ጨዋታ ይባላል። የተደረገው ግን በማላዊ፣ በሊሎንግዌ ከተማ ነው። ዋልያዎቹ 2 ለ 0 አሸነፉ። ከ1954 ዓ.ም. ድል በኋላ 60 ዓመት መሆኑ ነው። ደስታው ትልቅ ነበር። ነገር ግን የቃሊቲ ሰው ያንን ድል በቴሌቪዥንና በሬዲዮ እንጂ በዓይኑ አላየም።

የሰፈር ሜዳ ክብሩ የበዛው ለዚህ ነው። ትልቁ ጨዋታ ሲርቅ፣ ኳስ በዓይን የሚታየው እዚህ ነው። እዚህም በር ላይ «ዳቦህን ጣል» ሲባል ሰው ይከፋዋል። «ደግሞ ከዚህም?» ይላል።

በሌላውም ዓለም ደጋፊ ይከፋዋል

ይህ ቅሬታ የኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሀገር አንድ ልማድ አለ። ደጋፊዎች ከጨዋታው ብዙ ሰዓት ቀድመው በመኪና ይመጣሉ። በስታዲየሙ መኪና ማቆሚያ ላይ ይሰፍራሉ። የመኪናውን የኋላ ስፖንዳ አውርደው እንደ ገበታ ይዘረጉታል። እሳት አንድደው ሥጋ ይጠብሳሉ። ከጎረቤት መኪና ጋር ይገባበዛሉ። ልማዱም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከኋላ ስፖንዳ ነው፤ «ቴይልጌት» ይሉታል። ቃሊቲ የመኪናና የሾፌር አገር ነውና ነገሩ አይጠፋንም። አይሱዙ አቁመው ስፖንዳው ላይ ምሳ የሚበሉ ሾፌሮችን ስንቴ አይተናል!

ጥር 25 ቀን 2006 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አቅራቢያ፣ በኒው ጀርሲ፣ የአሜሪካኖች እግር ኳስ ትልቁ የዋንጫ ጨዋታ ተደረገ። አዘጋጆቹ ለጸጥታ ብለው ልማዱን አጠበቡት። በመኪናችሁ ማቆሚያ ቦታ ውስጥ መብላትና መጠጣት ትችላላችሁ አሉ። እሳት ማንደድ፣ ወንበር መዘርጋትና ድንኳን መትከል ግን ከለከሉ። ደጋፊው አጉረመረመ። «ያለ እሳትና ያለ ወንበር ምን ዓይነት ግብዣ ነው?» አለ።

በዚያው በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከዚህ ልማድ አልራቁም። የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በ1976 ዓ.ም. ተመሠረተ። በሰኔ ማለቂያ ገደማ ከየከተማው የመጡ የኢትዮጵያውያን ቡድኖች ይጋጠማሉ። በሜዳው ዙሪያ እንጀራና ወጥ ይሸጣል፣ ቡና ይፈላል። ብዙ ሰው የሚመጣው ለኳሱ ያህል ለዚህ ነው። ለዓመታት ያልተያየ ወዳጅ እዚያ ይተቃቀፋል።

ክልከላው ከየት መጣ?

እንግዲህ ሌላውን ወገን እንስማ። ከልካዩ ያለ ምክንያት አይከለክልም። ምክንያቱን መናገር ነው የሚረሳው።

ግንቦት 2 ቀን 1972 ዓ.ም. በስኮትላንድ፣ በግላስጎ ከተማ ሴልቲክና ሬንጀርስ ለዋንጫ ተጋጠሙ። ጨዋታው ሲያልቅ የሁለቱም ደጋፊዎች ሜዳ ውስጥ ገቡ። ብዙዎቹ ጠጥተው ነበር። ጠርሙስና ቆርቆሮ ተወራወሩ። ፖሊስ በፈረስ ገብቶ ለያያቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሕግ ወጣ። ሕጉ አልኮል ይዞ ወደ ስታዲየም መግባትን ከለከለ። ደጋፊ በሚጫንበት አውቶቡስም ላይ መጠጥ ከለከለ። ልብ በሉ፤ ዳቦን ግን አልከለከለም።

ከዚህ የከፋው በአፍሪካችን ሆነ። ግንቦት 1 ቀን 1993 ዓ.ም. በጋና ዋና ከተማ በአክራ፣ ሃርትስ ኦፍ ኦክና አሳንቴ ኮቶኮ ተጋጠሙ። ሃርትስ 2 ለ 1 አሸነፈ። የተናደዱ ደጋፊዎች ወንበር እየነቀሉና ጠርሙስ እያነሡ ወረወሩ። ፖሊስ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ። ሕዝቡ ወደ መውጫው ሮጠ። አንዳንዱ በር ተቆልፎ ነበር። ሰው በሰው ላይ ወደቀ። 126 ሰዎች ሞቱ።

እነዚህን ሰዎች ጠርሙስ ብቻውን አልገደላቸውም። ወርዋሪው፣ ጭሱና የተቆለፈው በር ተደጋግፈው ነው። ደንብ የምናወጣ ከሆነ ለሦስቱም እናውጣ። በደጋፊው ቋጠሮ ላይ ብቻ የሚበረታ ደንብ ግማሽ ደንብ ነው።

በሀገራችንም በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ ረብሻ እየተነሣ ጨዋታዎች ተቋርጠዋል። ድንጋይ ተወርውሯል፣ ሰው ተጎድቷል። ስለዚህ በር ላይ መፈተሽ የግድ ነው። ፍተሻውን አንጠላም። ልጆቻችንን ይዘን ስንገባ በሰላም እንድንወጣ እንፈልጋለን።

የቱ ይጎዳል? የቱ አይጎዳም?

አሁን ነገሩን አንድ በአንድ እንለየው።

ብርጭቆ ጠርሙስ ይጎዳል። ሲወረወር ይፈነክታል። ሲሰበር ይቆርጣል። ይቅር።

አረቄና ቢራ ይጎዳሉ። የጠጣ ሰው ለጠብ ይቸኩላል። ደግሞም ከተመልካቹ ብዙው ወጣት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። ይቅሩ።

በበር አጠገብ የሚነድ ከሰል ይጎዳል። በቆሎ የሚጠብሱ እናቶች ማንደጃቸውን በር ሥር ያደርጋሉ። ገበያው እዚያ ነውና አንፈርድባቸውም። ነገር ግን ሕዝቡ ደንግጦ ቢሮጥስ? ማንደጃው ይረገጣል፤ ሕፃን ይቃጠላል። ስለዚህ ማንደጃው ከበሩ ራቅ ይበል። ሻጮቹም ቦታ ይሰጣቸው እንጂ አይባረሩ።

በፕላስቲክ የተያዘ ውሃስ? ይህ ትንሽ ያከራክራል። የሞላና የተከደነ ፕላስቲክ እንደ ድንጋይ ይወረወራል። ክዳኑ ከተነሣ ግን ሲወረወር ውሃው ይደፋል፤ ርቆም አይሄድ። በአንዳንድ አገሮች ጥበቃዎች ክዳኑን ብቻ ወስደው ውሃውን ያሳልፋሉ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅ። ሁለት ሰዓት በፀሐይ ለሚቀመጥ ሰው ውሃ ቅንጦት አይደለም።

ዳቦና ቆሎስ? በዚህ ላይ ከበሩ አጠገብ የምትሸጥ አንዲት እናት ያሉትን እንንገራችሁ። «እኔ ጠርሙስ አልሸጥ፣ አረቄ አልሸጥ። ገብስና ሽንብራ ማንን ይፈነክታል? ክልከላው ከመጣ ወዲህ ሰው ‹ይወስዱብኛል› ብሎ አይገዛኝም። የልጆቼ ደብተር የሚገዛው በእሑድ ገበያ ነበር» አሉን። እኛም መልስ አጣን።

ደንብ ቀድሞ ይነገር

ሌላው ቅሬታ የጊዜ ጉዳይ ነው። በ2015 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ በኳታር ተደረገ። በስታዲየሞቹ አካባቢ ቢራ ይሸጣል ተብሎ ነበር። ህዳር 9 ቀን፣ መክፈቻው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አይሸጥም ተባለ። ኳታር የእስልምና ሀገር ናት፤ መጠጥ አልፈልግም ማለት መብቷ ነው። ብዙ ደጋፊ የተቆጣው በዘገየው ነገር ነው። ቲኬቱን ገዝቶ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ ከመጣ በኋላ ሰማ። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። በጥድፊያ የወጣ ደንብም እንደዚሁ ነው።

በሰፈራችን የሆነውም ያው ነው። ወረቀቱ የተለጠፈው በጨዋታው ዕለት ጧት ነበር። አዛውንቱ ቢያውቁ ኖሮ ለልጁ ቤት አብልተውት ይመጡ ነበር።

ከዚያስ ምን ሆነ?

አዛውንቱ ተናደው አልቀሩም። ሰኞ ማታ ወደ ትምህርት ቤታቸው ሄዱ። ለጓደኞቻቸው የሆነውን ነገሩ። አንዱ «እንሂድና እንጩህባቸው» አለ። አንዲት እናት ግን «ጩኸትማ ስንጮህ ኖረናል። አሁን መጻፍ ችለን የለም እንዴ? እንጻፍላቸው» አሉ። ተረዳድተው ጻፉ። አንዱ ቃሉን ይናገራል፤ አንዱ ይጽፋል፤ መምህሩም ፊደል ያርማል። ደብዳቤው ይህ ነው።

«ለሜዳው አስተዳደር። ጉዳዩ፦ ስለ ስንቅ። እኛ ስማችን ከታች የተጻፈው የኳስ ተመልካቾች ነን። ጠርሙስና መጠጥ መከልከሉን እንደግፋለን። ዳቦና ቆሎ የተከለከለበትን ምክንያት ግን አላወቅንም። ምክንያት ካለ ይነገረን። ከሌለ ይፈቀድልን። ውሃም ክዳኑ ተነሥቶ ይግባልን። በሩ ጨዋታው እስኪያልቅ እንዳይቆለፍ እንጠይቃለን። እኛም በተቀመጥንበት ቦታ ቆሻሻ ላለመጣልና የሚወረውር ሰው ስናይ ለጥበቃ ለመናገር ቃል እንገባለን። ከሰላምታ ጋር።»

ከሥሩ ሁሉም በገዛ እጃቸው ፈረሙ። ከነሱ መካከል በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስማቸውን ጽፈው የፈረሙ ነበሩ። ቀድሞ በጣታቸው ቀለም ነክተው ነበር የሚፈርሙት።

ሁለት ሳምንት አለፈ። በሦስተኛው እሑድ ወደ ሜዳው ሄድን። በሩ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። «ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና የአልኮል መጠጥ ለተመልካች ደኅንነት ሲባል ክልክል ነው። ደረቅ ምግብ ይፈቀዳል። ከሰል ከበሩ 20 እርምጃ ይራቅ» ይላል። ምክንያቱ ተጽፏል። በሩ አጠገብም አንድ ጥበቃ ቁልፍ ይዞ ቆሟል፤ በሩ ግን አልተቆለፈም።

የውሃው ጉዳይ ገና አልተፈታም። ተመልካቹ ዛሬም ውሃውን በር ላይ ጥሎ ይገባል። አስተዳደሩ «እናየዋለን» ብሏል። የማታ ተማሪዎቹም ሁለተኛ ደብዳቤ ጀምረዋል። በሜዳው ውስጥ የውሃ ቧንቧ እንዲተከል ይጠይቃሉ።

አዛውንቱ በዚያ እሑድ መጥተው ነበር። ያው ጥበቃ ነበር በሩ ላይ። «አባባ፣ እንደምን ዋሉ? ቋጠሮውን ያሳዩኝ» አለ። ፈቱለት። አየና መልሶ ቋጠረላቸው። አዛውንቱም እፍኝ ቆሎ ዘግነው በእጁ ላይ አደረጉለት። ከዚያ ልጁን አስቀድመው ገቡ። በዚህኛው ቀን ማን እንዳገባ የነገራቸው ልጁ ነው።

ለውይይት

አንባቢያን ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ ለብቻችሁ አንብቡት። ከዚያ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ለጎረቤት አንብቡለት። በሚቀጥሉት ጥያቄዎችም ተወያዩ።

1. ጥበቃው አዛውንቱን ሲመልሳቸው ጥፋቱ የማን ነበር?

2. በናንተ አካባቢ በገበያ፣ በሜዳ ወይም በመሥሪያ ቤት በር ላይ ምን ተጽፎ አይታችኋል? ምክንያቱስ ተጽፏል?

3. በአክራ 126 ሰዎች የሞቱባቸውን ሦስት ነገሮች ተናገሩ። በናንተ ሜዳ ከሦስቱ የትኛው አለ?

4. ለአካባቢያችሁ አስተዳደር አንድ አጭር ደብዳቤ ጻፉ። የምትደግፉትን አስቀድሙ፤ የምትጠይቁትን አስከትሉ፤ ቃል የምትገቡትን ጨምሩ። ስማችሁን በገዛ እጃችሁ ጽፋችሁ ፈርሙበት።